«አንቺ የማትረቢ!» የሚለኝ ማነው?

ጥያቄ፦ «የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋትና ማታ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ እመላለሳለሁ። አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ባለትዳርና የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ትንሽ ነገር ስሳሳት ውስጤ ‹አንቺ የማትረቢ! መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?› ይለኛል። ባለፈው ወር አንድ ደረሰኝ ሁለቴ መዝግቤ አለቃዬ አሳየኝ። በ10 ደቂቃ አስተካከልኩት። ማታ ግን ሚኒባስ ውስጥ እያለቀስኩ ነው ደሴ የደረስኩት። ባለቤቴ ‹ምንም ብናገር ይከፋሻል፣ ዝም ብል ይሻላል› ብሎ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ደግሞ የሰለቸሁት ይመስለኛል። ቲክቶክ ላይ አይቼ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ‹እኔ ድንቅ ነኝ› ማለት ጀምሬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ያስደነገጠኝ ግን የእሁዱ ነው። ጎረቤቴ የእቁብ ብሯን ጥላ ቡና ላይ ‹አብሽሪ፣ ብር ይተካል› እያልኩ ሳጽናናት፣ ልጄ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። በላጲስ ስታጠፋ ደብተሯ ተቀደደባት። ግንባሯን በእጇ መታ አድርጋ ‹አንቺ ደደብ!› አለች። ለራሷ። ይህን ሐሳብ ከራሴ እንዴት ላባርረው?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ግንባሯን የመታችበት ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። «እኔ የማልረባ» ብለሽ አልጻፍሽም። «አንቺ የማትረቢ» ነው ያልሽው። ልጅሽም «እኔ ደደብ ነኝ» አላለችም፤ «አንቺ ደደብ» አለች። እንዲህ «አንቺ» ብሎ የሚጠራ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከውጭ የገባ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ምድጃ ዳር ወይ ጥቁር ሰሌዳ ፊት በእውነት ብሎሽ ይሆናል። ምክር ፈልገው የሚመጡ ሰዎችን «ይኼ የማን ድምፅ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም ይሉና አንድ ሰው ይጠራሉ። እናት፣ አክስት፣ የድሮ መምህር። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ስድብ ልጅን ያቀናል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ብርጭቆ ሲሰበር «እጅሽ ይሰበር!» ሳይባል ያደገ ስንት ሰው አለ? ተናጋሪው ያን ዕለት ማታ ረስቶታል። ሰሚው ግን 20 ዓመት ይዞት ይዞራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እንዲባረር አትታገይው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ተሳታፊዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሏቸው ነበር። ድቡ እየተመላለሰ መጣባቸው። ሐሳብ በግፊያ አይወጣም።

መስታወቱም ያልሠራልሽ ጥፋቱ ያንቺ ሆኖ አይደለም። ይህን በደንብ እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «ይኼንንም አልቻልኩበትም» ብለሽ ሌላ ዱላ ሳታደርጊው አልቀረሽም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ ጆአን ውድ እና ባልደረቦቿ ይህንኑ ፈትነውታል። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ስሜታቸው ጭራሽ ወረደ። ልብ ያላመነበትን አፍ ሲናገር፣ ያ የውስጥ ድምፅ «ውሸት!» ብሎ ይነሳል። ከዚያ ክርክር ነው፤ ክርክሩን ደግሞ እሱ ለምዶታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሙያሽ ይረዳሻል። አንቺ ያለ ደረሰኝ ወጪ አትመዘግቢም። አለቃሽ «ዝም ብለሽ መዝግቢው» ቢልሽ እንኳ «ማስረጃው የታለ?» ትያለሽ። «የማትረቢ» የሚለውን ግን ያለ ምንም ሰነድ በየቀኑ ትመዘግቢዋለሽ።

አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም ያየው ይህንኑ ነው። እነዚህ ሐሳቦች ሳንጠራቸው ብልጭ ብለው ይመጣሉ። ከፍጥነታቸው የተነሳ ማንም አይጠይቃቸውም። እውነት መስለው ያልፋሉ። ሕክምናው የተጀመረው እነሱን አስቁሞ «ማስረጃህን አሳየኝ» ከማለት ነው።

አንድ ደብተር ግዢ። ማታ ልጅሽ ከተኛች በኋላ ገጹን ለሁለት ክፈይው። ሐረጎ ላይ እንዳትሞክሪው፤ ጥምዝምዙ ራስ ያዞራል። በግራ በኩል ድምፁ ያለውን ቃል በቃል ጻፊ። በቀኝ በኩል የሆነውን ብቻ፣ ለኦዲተር እንደምታቀርቢው አድርገሽ። ያንቺን ልሞክረው። ግራ፦ «አንቺ የማትረቢ፣ መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?» ቀኝ፦ «አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። በ10 ደቂቃ ተስተካክሏል።» አየሽ፣ ቀኙ ውስጥ ውዳሴ የለም። «ድንቅ ነኝ» አይልም። ስህተቱን አልደበቀም። ግን «የማትረቢ» ለሚለው ማስረጃ የሚሆን ምንም የለበትም። አዎንታዊ አስተሳሰብ የምለው ይህንን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀኙ ባዶ ሆኖ ሊያድር ይችላል፤ ግድ የለም፣ ግራውን ብቻ ጽፈሽ ተኚ።

ሁለተኛው ነገር ከቡናው ነው። ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቃል አለን፤ አብሽር፣ አብሽሪ። መነሻው ዓረብኛ ነው፣ ትርጉሙም የምሥራች ወደማለት ያደላል። ብሯ ለጠፋባት ጎረቤትሽ ሳታስቢው ከአፍሽ ወጣ። «አንቺ ዝርክርክ፣ የሰው ገንዘብ!» አላልሻትም። ብሩ መጥፋቱንም አልካድሽም። ስለዚህ አዲስ ቋንቋ ልታጠኚ አይደለም። የቀረሽ የምትችይውን ለራስሽ ማለት ብቻ ነው።

«አንቺ» ማለቱንም አትተዪው። ኢታን ክሮስ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች በጭንቀት ሰዓት «እኔ» ከማለት ይልቅ በስማቸው ወይም «አንተ፣ አንቺ» እያሉ ራሳቸውን ሲያናግሩ ይበልጥ እንደሚረጋጉ አሳይቷል። ሰው ለወዳጁ ሲመክር ከራሱ ጉዳይ የተሻለ ያያልና። ነገ ስትሳሳቺ ስምሽን ጥሪና ለጎረቤትሽ ባልሽበት ድምፅ «አብሽሪ፣ ምኑ ነው የሚስተካከለው?» በይ። መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል፣ የሰው ልብስ እንደለበስሽ ይሰማሻል። ቢሆንም በይው።

ስለ ባለቤትሽ አጭር ነው የምለው። ዝምታው ላይ «ሰልችተሽኛል» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እሱ የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ እንዳይከፋሽ ፈርቶ ነው። ቅዳሜ ልጅቷ ስትተኛ «ዝም ስትል የሰለቸሁህ ይመስለኛል፤ እውነት ነው?» በይው። ደብተሩንም ብታሳዪው አይከፋም፤ ከማን ጋር ስትከራከሪ እንደምትውይ ያውቃል።

ሳልጠይቅሽ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። እንቅልፍሽና ምግብሽ እንዴት ነው? ሐዘኑ አብዛኛውን ቀን እየዋለ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ደብተር ብቻውን አይበቃም። ደሴ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ሪፈራል) የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ሂጂ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ በዚያው ዕለት ለባለቤትሽ ንገሪውና አብራችሁ ሂዱ።

ስለ ልጅሽ የምነግርሽን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ስለማይፈልግ ነው። ቁጭ አድርገሽ አትምከሪያት። «ደደብ አይባልም!» ብለሽም አትቆጪያት፤ ሌላ «አንቺ» ይጨመርባታል። ሰምታሽ ነው የተማረችው፣ ሰምታሽ ነው የምትተወው። ሲኒ ሲደፋብሽ፣ ሽሮው ሲያርብሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ እሷ እየሰማች፣ «ውይ፣ አረረ። አብሽሪ፣ ሌላ እንሠራለን» በይ። ከዚያ ድስቱን አብራችሁ ፈግፍጉት።