የመንገዱን መስመር ብቻ ሳይሆን የድንጋይ ካባውንም አስቀኙ

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በአንድ የገጠር መንገድ ፕሮጀክት ላይ በሳይት መሐንዲስነት ሊጀምር ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱ «ከግንባታ በፊት የአርኪዮሎጂ ቅኝት ይደረጋል» ይላል። ሰዎቹ መጥተው ምንድን ነው የሚሠሩት? ሥራ ያስቆሙብናል ወይ?

እንዲህ ያለ ቅኝት ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከስጋትህ ልጀምር። ሥራ የሚያስቆመው ቅኝቱ አይደለም። ቅኝት ሳይደረግ ዶዘር ገብቶ አጥንት ሲያወጣ ነው ሥራ የሚቆመው። መስመሩ ገና ወረቀት ላይ እያለ ሃያ ሜትር ገፋ ማድረግ ለዲዛይነሩ ከባድ አይደለም። ካሳ ተከፍሎ፣ ገበሬው ተነሥቶ፣ ቆረጣ ከተጀመረ በኋላ ግን ያችው ሃያ ሜትር የክሌም ደብዳቤ (ኮንትራክተሩ ተጨማሪ ገንዘብና ጊዜ የሚጠይቅበትን) ታመጣለች።

ሥራው ቢሮ ውስጥ ነው የሚጀምረው። የቆዩ የጥናት ሪፖርቶች፣ ካርታና የሳተላይት ምስል ይታያል። ቀጥሎ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ሽማግሌዎችና ካህናት ይጠየቃሉ። «እዚያ ጋ አይታረስም» የሚባል ቦታ ካለ መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የማይታረስበት ምክንያት አለው።

ከዚያ እግር ነው። ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ በመካከላቸው አሥር ወይም ሃያ ሜትር ያህል ትተው፣ መሬት መሬት እያዩ ይሄዳሉ። የሚፈለገው ገል፣ የተፈለጠ ባልጩት፣ አመድ የመሰለ ጠቆር ያለ አፈር፣ ሰው የደረደረው የሚመስል ድንጋይ ነው። አንድ ገል መገኘቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ገበሬ ፍግ ወደ ማሳ ሲወስድ የተሰበረ እንስራም አብሮ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ሲበዛ ነው ቆም የምንለው። ቦታው በጂፒኤስ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሣል። ካስፈለገ ትንሽ የመሞከሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ለቁፋሮ ግን ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ብሶት አለኝ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ስለሚጀምር ብዙ ጊዜ ውሉ በክረምት ይፈረምና «ቶሎ ግቡ» እንባላለን። ጉልበት ድረስ በሚደርስ ሣርና ጤፍ ውስጥ ምን ይታያል? ጥሩው ጊዜ አዝመራው ተሰብስቦ ከብት ቃርሚያውን ከጨረሰ በኋላ ነው። መሬቱ አንድ ጊዜ ከታረሰማ የበለጠ ይታያል፤ ማረሻው የተቀበረውን ገልብጦ ያወጣዋል። የቅኝት ሪፖርት ስትቀበል መጀመሪያ የተሠራበትን ወር እይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ካየሁት፣ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው መንገዱ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ውጭ ነው። የሚቀኘው የመንገዱ መስመርና ግራ ቀኙ ነው። ሰሌክት (ለመንገዱ የሚሆን የተመረጠ አፈር) የሚቆፈርበት፣ ድንጋይ የሚወጣበት ካባው፣ ካምፑ፣ ተለዋጭ መንገዱና ትርፍ አፈር የሚደፋበት ቦታ ግን በኋላ ኮንትራክተሩ የሚመርጣቸው ናቸው። እኛ ሪፖርታችንን አስገብተን ከሄድን በኋላ ማለት ነው። ኮንትራክተር ደግሞ የሚመርጠው ኮረብታና ድንጋይ ያለበትን ነው። የጥንት ሰውም መቃብሩን የሠራው እዚያው ነው።

መንዝን ውሰድ። በዚያ ደጋ ላይ ያሉት ትልልቅ የድንጋይ ክምሮች አርኪዮሎጂስቶች «የሻይ ባህል» (የሚጠጣው ሻይ አይደለም) የሚሉት የመካከለኛው ዘመን ሕዝብ መቃብሮች ናቸው። ለማያውቅ ሰው ግን ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ነው የሚመስለው። ሌላ አካባቢ አንድ ፕሮጀክት ላይ ይኸው ደርሷል። መስመሩ ንጹህ ነበር፣ ሪፖርቱም እንደዚያ ይላል። ከመስመሩ ራቅ ያለ ሸንተረር ላይ የነበረውን ክምር ግን ሎደር ሲጭን ከሥሩ የሰው አጥንት ወጣ። ተጠርተን ስንደርስ የክምሩ ግማሽ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) ውስጥ ገብቶ ነበር። የተቆጣጠረ አልነበረም፣ ምክንያቱም ካባው በማንም ሰነድ ላይ አልነበረም።

«የእኛ ሰፈር ምን ቅርስ አለው?» እንዳትል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን አንድ መንገድ ብቻ እይ። አዋሽን ስትሻገር የቅድመ ታሪክ ሰው ቅሪት የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ አለ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትንሽ ስትቀጥል ጢያ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ፣ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉት፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ ከሥራቸው መቃብር ያለ።

መሬት ሳይቆፈር ከሥር ያለውን ማየትም ይቻላል። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከጣሊያን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ከመተከሉ በፊት ቦታው በመሣሪያ ተጠንቶ፣ የመኪና ማቆሚያ በነበረው መሬት ሥር ሳይቀር ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታውቋል። ለረጅም የገጠር መንገድ ግን ይህ ውድ ነው። ጥርጣሬ ላለበት ቦታ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ አንቀጽ 41። በመንገድ ሥራ ላይ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ፣ አግኚው ለክልሉ ኃላፊ ሁኔታውን በዝርዝር ጽፎ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር ለኮንትራክተር ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ማሽኑን ሌላ ሴክሽን ላይ ማሠራት የሚሻለው። ቦታውን በገመድ ከልል፣ ጥበቃ አቁም፣ ዕቃውን ግን አታንሣ። ከአፈሩ የተነሣ እንስራ ለእኛ ግማሽ መረጃው ጠፍቷል። ላስረከበ ሰው ሽልማት እንዳለም አዋጁ ስለሚል ለኦፕሬተሮቹ ንገራቸው፤ ካልሆነ በሌሊት ይቆፈራል።

ቅርስ ተገኘ ማለት መንገዱ ቀረ ማለትም አይደለም። መስመር ይገፋል፤ ወይም ቦታው ሳይቆረጥ በሙሌት ይሸፈናል፤ ሌላው ሁሉ ካልሆነ ተቆፍሮ ይነሣል። የመጨረሻው ጊዜም ገንዘብም ስለሚበላ እኛም አንወደውም።

ስለዚህ ሳይት እንደገባህ የቅኝቱን ሪፖርት ጠይቅና የካባውና የሰሌክቱ ቦታዎች ኮኦርዲኔት በአባሪው ውስጥ መኖሩን እይ። ከሌለ ማሽን ሳይገባ ለአማካሪው በደብዳቤ ጻፍ። ቃል ብቻ አትናገር፣ በደብዳቤ። አዲስ ካባ በተከፈተ ቁጥርም የወረዳው ባለሙያ አንድ ቀን መጥቶ እንዲያየው መኪና ላክለት፤ አብዛኞቹ ጽሕፈት ቤቶች የራሳቸው መኪና የላቸውም።