ሃሪኬን ሳይመጣ

ጥያቄ፦ ሂዩስተን ከመጣን ስድስት ወራችን ነው። ባለቤቴ፣ እኔና ሁለት ልጆቻችን አፓርታማ ተከራይተናል። ለሃሪኬን ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሃሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። መጀመሪያ የጎርፍ ኢንሹራንስ ግዢ። ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል። የፌዴራሉ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ሃሪኬኑ ዜና ላይ ከታየ ረፍዷል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን አስቢ።

በ2024 ቤሪል የተባለው ሃሪኬን ሲመታን መብራት ለቀናት ጠፋ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወጥ ሁሉ ተበላሸብኝ። ከዚያ ወዲህ በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤቴ አይጠፋም፤ እሳት አይፈልጉም።

አደራ የምልሽ ግን፣ ለቡናም ቢሆን ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥዪ። ጄኔሬተርም ጋራዥ ውስጥ አይነሳ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይገድላል።