መልስ፦ ሃይሩፍን የግል አምቡላንስ ለማድረግ ፈቃዱ ከየት ነው?
ወንድሜ፣ ለገጣፎ መስመር ላይ ሃይሩፍህን አምቡላንስ ልታደርገው አስበህ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ቢሮህ የሚከፈትበትን ቦታ ለይ። አያት ከሆነ አዲስ አበባ ነው፤ ለገጣፎ ከሆነ ግን በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ነውና ጉዳይህ ወደ ኦሮሚያ ይሄዳል። ንግድ ፈቃዱ የሚከተለው ከጤና ተቆጣጣሪው የብቃት ማረጋገጫ ካገኘህ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪናውን ጋራዥ ከማስገባትህ በፊት መመዘኛውን በጽሑፍ ተቀበል፤ ሳይረን ገጥሞ፣ ቀይ መስመር ቀብቶ መጠየቅ የሚጀምር አይጠፋም! ቃሬዛና ኦክስጅን በገንዘብ ይገኛል። እኔ የምፈራልህ ባለሙያውን ነው፤ ሌሊትም በፈረቃ የሚወጣ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ ይዞ ማቆየት ደመወዙ ቀላል አይደለም። ሾፌርና ረዳት ብቻ ይዘህ ደግሞ ታክሲ እንጂ አምቡላንስ አይባልም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ የወንበሩ ለውጥም ሊብሬው ላይ ይስፈር።