የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ነርስነት ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 31 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 2 ዓመቷን ማለፏ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል በፈረቃ እሠራለሁ፣ አምስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ የደሴ መስመር ስለሚሠራ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ አይመጣም። 12ኛን የጨረስኩት በ2005 ነው። ያኔ አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሳስታምመው ነው ነርስነት ልቤ ውስጥ የገባው፣ እስካሁንም አልወጣልኝም።

አሁን አንድ የግል ኮሌጅ በማታና በቅዳሜ እሁድ ያስተምራል ሲሉኝ ልመዘገብ ተነሳሁ፣ ግን ፈራሁ። ሥራዬን ሳልለቅ መማር እችላለሁ? ብሩስ? 24 ሆነን የምንጥለው የ500 ብር የሳምንት ዕቁብ አለኝ፣ ሌላ ያስቀመጥኩት የለም። ሂሳብ ድሮም ያስፈራኛል። አማቴ ደግሞ መሐል ሜዳ ሆነው ስልክ በደወሉ ቁጥር «አሁንማ ልጆችሽን አሳድጊ» ይሉኛል። ትንሿ ልጄ ለፈረቃ ስወጣ እንኳ በር ላይ ይዛኝ ታለቅሳለች፣ ትምህርት ሲጨመርበት እንዴት ልትሆን ነው? እባክዎ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ነርስነት የተማርኩት ልጅ አዝዬ ነው፣ ስለዚህ የምነግርሽ ያለፍኩበትን ነው። ዕድሜሽን ተይው። አባቷን ያስታመመች፣ ሁለት ልጅ ያሳደገች ሴት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ስትቆም ከ19 ዓመቷ ልጅ የበለጠ የምታውቀው ነገር አለ። በኋላ ዋርድ፣ በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ ስትገቢ ታዪዋለሽ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ማታና ቅዳሜ እሁድ» የሚለው ነገር እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ የምትማሪውን ነው በማታ የሚሰጡሽ። ፕራክቲካል ስትወጪ ግን ሆስፒታሉ በአንቺ ሰዓት አይሄድም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዋርድ ተገኝተሽ የአዳሪ ነርሶቹን ርክክብ ትሰሚያለሽ፣ ሐኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ ትከተያለሽ፣ መድኃኒት ሲሰጥ ቆመሽ ታያለሽ፣ ቀስ በቀስ ራስሽ ትሰጫለሽ። አዳርም አለው። አብረውኝ ከጀመሩት እናቶች ውስጥ ያቋረጡት በሙሉ ያቋረጡት እዚህ ጋ ነው። አንዷም በፈተና ወድቃ አልሄደችም። ልጅ የሚይዝላቸው ጠፋ፣ አሠሪ ፈቃድ ከለከለ፣ ለትራንስፖርት የሚሆን ብር አለቀ፣ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሁሉንም ሰው ያታልላል፣ «ይኼማ ይቻላል» ያሰኛል።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ሂጂና ፕራክቲካሉ መቼ እንደሚጀምር፣ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ የት እንደሚመድቧችሁ ጠይቂ። ይህንን ያልጠየቀ ሰው ብዙ ነው። የት የሚለው በተለይ ከባድ ነው። እዚያው ከተማሽ ከሆነ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ጣርማ በርን ወርደሽ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ከተመደብሽ ግን ኪራይ አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ከልጆችሽ ተለይቶ ማደር አለ። የልጆች እናት መሆንሽን ቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ቦታው ሁሉ ከተደለደለ በኋላ ሲነገራቸው ለመቀየር ይቸገራሉ።

እግረ መንገድሽን የኮሌጁን ፈቃድም አጣሪ። የነርሲንግ ትምህርቱ ራሱ በስም ዕውቅና ሊኖረው ይገባል፣ ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት ብቻ አይበቃም። ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ ይጣራል። የቴክኒክና ሙያው ደረጃ 4 ከሆነ ደግሞ ከዚያ ወጥተሽ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ የሚያስፈትንሽ መሆኑን እርግጠኛ ሁኚ፣ ያለ ሲኦሲ ወረቀቱ ሥራ አያስገባሽም። ለዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። አምና የጨረሱ ሁለት ሦስት ልጆች ፈልገሽ አነጋግሪ፤ ስንቶቹ እንዳለፉ፣ ስንቶቹስ ሥራ እንደያዙ ይነግሩሻል። ቅጥሩ እንደ ድሮ አይደለም። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ነርሶች ብዙ ናቸው፣ ይህንን ደብቄሽ «ግቢ» ብልሽ ይቆጨኛል።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ንድፈ ሐሳቡን ስትማሪ ፈረቃሽን ከሥራ ባልደረባ ጋር እየተቀያየርሽ ትዘልቂዋለሽ። የዓመት ፈቃድሽን ግን ለሰርግና ለለቅሶ አትጨርሺው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ለተጨማሪ ሁለት ሁለት ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራል። አምስት ዓመት ስለሠራሽ 18 ቀን ይኖርሻል። ተነጋግራችሁ ማስተላለፍም ስለሚቻል ለፕራክቲካሉ አስቀምጪው። ሱፐርቫይዘርሽን ዛሬውኑ አናግሪው። የዛሬ ዓመት በድንገት ከምታስደነግጪው አሁን ቢያውቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ አድረሽ ጠዋት ዋርድ አትግቢ። እኔ አድርጌዋለሁ። ማታ ማታ አንድ ሆቴል ካሸር ነበርኩ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወጥቼ ጠዋት 2 ሰዓት ዋርድ እገኛለሁ። አንድ ቀን የ6 ቁጥር አልጋ እናትን ደም ግፊት ለክቼ 7 ቁጥር ላይ ጻፍኩት። 7 ቁጥር ላይ የተኙት ሴትዮ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፣ እኔ በጻፍኩት ቁጥር ግን ደህና ሆኑ ማለት ነው። ኃላፊዋ ሲስተር ቁጥሩ አላምን ብሏቸው ራሳቸው ደግመው ለኩ። አልጮሁብኝም። «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ብቻ አሉኝ። በዚያው ሳምንት የሆቴሉን ሥራ ተውኩ፣ ሁለት ወር ሽሮ በልተን ከረምን።

እንዲህ ያለ ሁለት ወር እንዳይጠብቅሽ ነው ዕቁቡን የማነሳው። 24 ጊዜ 500፣ 12,000 ብር ነው። ይህንን ለመመዝገቢያ አታውጪው። የኮሌጁን ክፍያ በየወሩ ከደመወዝሽ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ ዕቁቡ ግን ፕራክቲካሉ የሚውልበት ወር ላይ ይድረስሽ። ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋር መቀያየር ያለ ነገር ነው፣ ዳኛውን አስቀድመሽ አናግሪ። ይህኛው ዙር ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ የደረሰሽን ብር ባንክ አስገቢና በሚቀጥለው የዕቁብ ዙር ተመዝገቢ። ጋውን፣ ነጭ ጫማ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ምሳ፣ ታክሲ፣ የምዘና ክፍያ፣ እነዚህ በኮሌጁ የዋጋ ወረቀት ላይ የሉም፣ ሰው የሚያልቅበት ግን እነሱ ላይ ነው። አራጣ አበዳሪ ደጃፍ እንዳትደርሺ። ከዚያ ይልቅ አንድ ዓመት ብታዘገዪው ይሻላል።

ሂሳቡን አትፍሪ። ነርስ የምትሠራው ሂሳብ ያው የገበያ ሂሳብ ነው። ሐኪሙ ለሕፃን 180 ሚሊ ግራም ሽሮፕ አዘዘ እንበል። ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም» ይላል። 120 ለ5 ሲካፈል 24፣ 180 ለ24 ሲካፈል 7 ነጥብ 5፤ ስለዚህ 7 ተኩል ሚሊ ሊትር ትሰጫለሽ። 1,000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይለቅ ከተባለና መስመሩ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ታካፍያለሽ፣ በደቂቃ 42 ገደማ ይሆናል። ሰዓትሽን እያየሽ ትቆጥሪያለሽ። እየደጋገምሽ ስትሠሪው እጅሽ ይለምደዋል።

ለጥናት ጊዜ እንዳትጠብቂ፣ አይገኝም። እኔ የአጥንቶቹን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ከምጣዱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። ሊጡን አዙሬ፣ አክንባሎውን ደፍቼ፣ እንጀራው እስኪበስል ሁለት ስም እይዛለሁ። አንድ ጋገራ ሲያልቅ ክንድና መዳፉ አለቀ። ወረቀቱ ጭስ ጠግቦ ቢጫ ሆኖ ነበር። የቀረውን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ፣ በዚያ በኅዳር ውርጭ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነባለሁ። ልጆች የማይነሱበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው።

ትንሽ ልጅ ስላለሽ ደግሞ ይህንን ያዢ፤ የሄፐታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ዋርድ ከመግባትሽ በፊት እንዲያልቅ በተመዘገብሽበት ወር ጀምሪው። ከዋርድ ስትመለሺ ጋውንሽን ሳታወልቂ ልጅ አትቀፊ። መርፌ ከወጋሽ ደግሞ እንዳታፍሪ፣ እንዳትደብቂ። ወዲያው ታጥበሽ ለኃላፊ ንገሪ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም።

ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ጉዳይ ላይ የኔ ምክር ጎረቤትን በውለታ አትያዢ የሚል ነው። ውለታ ሦስት ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ሰው ይደክመዋል፣ ቅር ይለዋል፣ አንቺም ተሳቅቀሽ ትቀሪያለሽ። ትንሽም ብትሆን በወር ተነጋግረሽ ክፈይ። አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። «እማማ፣ ፕራክቲካል ስወጣ እነዚያን ሳምንታት መጥተው ይያዙልኝ» በያቸው። የፈሩት ልጆቹ እንዳይጎዱ ነው፣ ልጆቹን በእጃቸው ስትሰጫቸው ነገሩ ሊቀየር ይችላል። ባለቤትሽም «ይሁን፣ ተማሪ» ካለ አይበቃም። ቤት የሚያድርበትን አንድ ቅዳሜና እሁድ ምረጪና ከጠዋት እስከ ማታ ልጆቹን ለእሱ ትተሽ ውጪ፣ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጪ። ምን እንደጎደለ ሁለታችሁም ያኔ ታያላችሁ። ይህንን ሳትሞክሪ ብር አትክፈይ።

የትንሿ ለቅሶ የሚያባባሽ ይገባኛል። ተደብቀሽ ግን አትውጪ። እኔ መጀመሪያ ልጄ ስትተኛ ሹልክ እያልኩ እወጣ ነበር፣ ከዚያ ጭራሽ መተኛት ፈራች። በኋላ ጫማዬን ሳደርግ እያየችኝ፣ «ለምሳ አልመጣም፣ ሲመሽ እመጣለሁ» እያልኩ የለበስኩትን ነጠላ ትቼላት መውጣት ጀመርኩ። አንድ ሁለት ሳምንት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ነጠላውን ራሷ ታመጣልኝና ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ መልሳ ትወስደዋለች፣ እኔም እወጣለሁ።