መልስ፦ ተማሪዬ የተገዛ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያመጣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወንድሜ። አንድ ተመራቂ ተማሪህ ፎቶ ኮፒ ቤት የገዛውን ጥናት እንደ ራሱ ሥራ እንዳቀረበልህ ጽፈሃል። ዜሮ ከመስጠትህ በፊት አስቀምጠህ አናግረው። እኔም ገጥሞኛል። ጥራዙን አብረን ገለጥን። "ይህን ሰንጠረዥ እንዴት ሠራኸው?" አልኩት። ዝም አለ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የሌላ ወረዳ ስም ሳይቀየር ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጨረሻ ላይ ተጠርዞ የሚመጣ ሥራ አልቀበልም። በየሁለት ሳምንቱ ረቂቅ ይዘው ይመጣሉ። የተሞሉትን መጠይቆችም በእጄ አገላብጬ አያለሁ። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

እኛ መምህራንስ? ሳናነብ የምንፈርም አለን። በተማሪ ጥናት ላይ ያለ ድርሻችን ስማችንን የምናስገባም አለን። ይህ እያለ ተማሪውን ብቻ መቅጣት በጣም ያሳዝነኛል።

ነገሩ ከታች ነው የሚጀምረው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ልጆች አንድ አንቀጽ በራስ ቃል መጻፍን፣ ምንጭ መጥቀስን ያሳያቸው ሰው የለም። ሰሌዳ ላይ አብረሃቸው ሥራ። የዚህን ልጅ ጉዳይ ደግሞ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቅ፤ በቃል እንዳይቀር።