«መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደሴ ውስጥ ትንሽ የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት እቀርጻለሁ። ባለፈው ሳምንት ለቪዲዮ ማቀናበሪያዬ የሚሆን የጽሑፍ ኢፌክት ፈልጌ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ፣ አወረድኩ። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ፣ ካልሆነ አይሠራም» ይላል። አጥፍቼ ጫንኩት። የዊንዶውስ አፕዴት የሚመስል መስኮት መጣ። ይጨርስ ብዬ ምሳ በላሁ። ስመለስ የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀጥለዋል፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ 980 ዶላር የሚጠይቅ ጽሑፍ ተቀምጧል። በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርካቸው 490 ነው ይላል። ገና ያላስረከብኩት የሁለት ሙሽሮች የሠርግና የመልስ ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነው። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ሰው ደግሞ «በ20 ሺህ ብር እፈታልሃለሁ» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?
ባለስቱዲዮው፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትክፈል። ለሌቦቹም ለባለ 20 ሺው ሰውም። 490 ዶላር ዛሬ ከ20 ሺህ ብር በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው ለሌቦቹ ከፍሎ ሊያስፈታልህ አይችልም። በነፃ የሚገኘውን መፍቻ ሞክሮ ያስከፍልሃል፣ ወይም ቀብዱን ይዞ ይጠፋል።

የጻፍክልኝ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ባለሙያዎች ስቶፕ ወይም ዴጃቩ የሚሉት ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ነው። አራቱ ፊደላት፣ 980 እና 490 ዶላሩ፣ 72 ሰዓቱ፣ የውሸት አፕዴት መስኮቱ፣ ሁሉም የእሱ ናቸው። ይህ ቫይረስ ባንክና ትልልቅ ድርጅት ሰብሮ አይገባም። በዋናነት የሚሰራጨው በክራክና ፕሮግራምን ሳይከፈል በሚያስከፍተው በአክቲቬተር ውስጥ ተደብቆ ነው። የሚያገኘው ተማሪውን፣ የቤት ኮምፒውተሩን፣ እንዳንተ ያለውን ትንሽ ሱቅ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዶላር የሌለው ሰው ላይ ነው በዶላር የሚፈርዱት።

አሁን ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቅቀው። ፎርማት እንዳታስደርገው! እዚህ አገር ኮምፒውተር ሲታመም ቀድሞ የሚታዘዘው መድኃኒት ፎርማት ነው። ጥገና ቤት ብትወስደውም መጀመሪያ «ፋይሎቹን እንዳትነኩ» በል። የተቆለፉትን ፋይሎች እንዳሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ አስገልብጥ። ሙከራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን። ያንን ገንዘብ የሚጠይቀውን ጽሑፍም አትሰርዘው፣ ያስፈልግሃል።

ጽሑፉን ክፈትና ወደ ታች ውረድ። የግል መለያህ ነው የሚል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። መጨረሻውን እየው። በቲ ፊደልና በ1 ቁጥር ካለቀ ተስፋ አለህ። ቫይረሱ ሥራውን ሲጀምር ወደ ሌቦቹ ሰርቨር ደውሎ ላንተ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ይቀበላል። ሰርቨሩን ካላገኘው ግን አብሮት በመጣ፣ ለብዙ ሰው በሚሠራ አንድ ቁልፍ ይቆልፋል። ኔትወርክ በዚያች ደቂቃ ተቆራርጦብህ ከነበረ አድኖሃል ማለት ነው።

ኤምሲሶፍት የሚባል የጸረ ቫይረስ ኩባንያ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለዚህ ቫይረስ ነፃ መፍቻ አውጥቷል። እስከ ነሐሴ 2011 ድረስ የነበሩትን አብዛኞቹን ዓይነቶች ይፈታል። ከዚያ ወዲህ የመጡትን የሚፈታው በዚያ የጋራ ቁልፍ ከተቆለፉና ቁልፉ ኩባንያው እጅ ከገባ ብቻ ነው። ዛሬ እምቢ ቢልህ ግልባጩን አስቀምጠህ ከወራት በኋላ እንደገና ሞክር፤ ቁልፍ ዘግይቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መፍቻውን ከኩባንያው ድረ ገጽ ወይም ኖ ሞር ራንሰም ከሚባለው ገጽ አውርድ። ይህን ገጽ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የኔዘርላንድ ፖሊስና የአውሮፓ ኅብረቱ የፖሊስ ተቋም ዩሮፖል ከሁለት የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ጋር ሆነው ነው የከፈቱት። ከቴሌግራም አደራህን እንዳታወርድ። የመፍቻ ስም ይዞ የሚዞር ቫይረስም አለ።

መለያህ በሌላ ፊደል ካለቀስ? ያኔም የቪዲዮ ባለሙያ መሆንህ ይጠቅምሃል። ይህ ቫይረስ ስለሚቸኩል ፋይሉን ሙሉ አይቆልፍም። የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ቆልፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለአንድ የወርድ ደብዳቤ 150 ኪሎባይት ሁሉ ነገር ነው። ለአራት ጊጋ የሠርግ ቪዲዮ ግን ምንም ማለት አይደለም። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ጭፈራው፣ ኬክ ቆረሳው፣ ምስሉ በአብዛኛው እዚያው አለ። የተበላሸው ማጫወቻው ፋይሉን የሚለይበት መነሻው ነው። ዲስክ ቱና የሚባሉ ሰዎች ሚዲያ ሪፔር የሚል ነፃ ፕሮግራም ለዚሁ ብለው ሠርተዋል። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ አንድ ጤነኛ ቪዲዮ ማሳያ ይፈልጋል። ዛሬውኑ ካሜራህን አውጣና አንድ ደቂቃ ቅረጽ፣ ያንን ስጠው። በሁሉም ቪዲዮ ላይ ዋስትና የለውም፤ ግን ብዙ ባለካሜራ በዚህ መንገድ ሥራውን መልሷል። ለዚህ ሙከራ ግን አዲስ ሜሞሪ ካርድ ተጠቀም።

የድሮው ካርድ ሌላ ጉዳይ አለውና። ሠርጎቹን የቀረጽክበትን ካርድ ፎርማት አድርገኸው ይሆናል። ካሜራ ላይ ፎርማት ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማውጫውን ማጥፋት ነው። አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው ምስል ካርዱ ላይ ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ ሳታነሳ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ አስፈልገው። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት በዚህ ነበር የምጀምረው። ወደፊትም ደንበኛ ሥራውን ተረክቦ እስኪሄድ ድረስ ካርድ ፎርማት አታድርግ። የካርድ ዋጋ የሠርግ ዋጋ አያህልም።

አንድ ያልጠየቅኸኝ ነገር አለ፣ ግን ከቪዲዮው እኩል ያሳስበኛል። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። በብሮውዘር ያስቀመጥካቸውን ፓስወርዶች የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም አብሮት ይገባል። ስለዚህ የኢሜይልህን፣ የፌስቡክህን፣ የቲክቶክህን ፓስወርድ በሙሉ ቀይር። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ግን አይሁን፤ ከስልክህ አድርገው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈትና ከስልክህ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ከነበረህ ገጽህን ይዘው ለዘመድ አዝማድህ «ታምሜአለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ሊሉ ይችላሉ። ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ፎርማት የሚደረገው።

አሁን ወደ ቻናሉ እንመለስ። አብዛኛው ክራክ የሚመጣው በፓስወርድ በታሸገ ዚፕ ነው። ፓስወርዱም እዚያው ፖስቱ ላይ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ 1234። ለሁሉም የሚታይ ፓስወርድ ምን ይጠብቃል? ከሰው አይጠብቅም። አንቲቫይረስ ግን የታሸገ ዚፕ ውስጥ ማየት አይችልም፤ ለዚያ ነው። ዚፑን ስትፈታ ደግሞ እንዳይያዝ ቀድመው «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይሉሃል። ክራክ የሚጭን ሰው ይህን ትእዛዝ ለምዶታል። «ክራክን እንደ ቫይረስ ያየዋል፣ ምንም አይደለም» እየተባለ ነው ያደገው። አንዳንዴም እውነት ነው፣ አንቲቫይረስ ቫይረስ የሌለበትን ክራክም ይከለክላል። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አንተም እኔም በዓይን አንለየውም። ሌቦቹም የሚነግዱት በዚሁ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ለሕጋዊው ማቀናበሪያ በወር 23 ዶላር ገደማ ከየት ላምጣ?» እንደምትል አውቃለሁ። እኔም ሌባ ብዬ ልሰድብህ አልፈልግም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ለደሴ ስቱዲዮ የወር ኪራይ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ከባድ ነው። ደስ የሚለው ዛሬ ክራክ ሳያስፈልግህ መሥራት መቻልህ ነው። የአውስትራሊያው ኩባንያ ብላክማጅክ ዲዛይን ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ በነፃ ይሰጣል። የሙከራ ጊዜ የለውም፣ ቪዲዮህ ላይም ምልክት አያትምም። እስከ 4ኬ ድረስ ይሠራል፣ የሠርግ ሥራ ከዚያ አያልፍም። የቀለም ማስተካከያው የታወቁ ፊልሞች የሚሠሩበት ነው። የሚከፈልበት ስሪቱም አንዴ 295 ዶላር ነው እንጂ የወር ኪራይ የለውም። አንድ ችግሩ ጠንካራ ማሽን ይፈልጋል። 16 ጊጋ ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ከሌለህ ያንገሸግሽሃል። ያኔ ኬደንላይቭን ወይም ሾትካትን ሞክር። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ቀለል ባለ ላፕቶፕም ይሄዳሉ። ለአማርኛ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ነፃ ፊደሎች ጫን። ለሙሽሮቹ ስም ያምራሉ።

ለሙሽሮቹ ደግሞ እውነቱን ዛሬ ንገራቸው። ሲመጡ ከሚሰሙ አንተ ደውለህ ብትነግራቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ በእኔ ስልክ ላይ «ሳንቲሙ የማያልቅ» የተባለ የጨዋታ ሞድ እየጫነ ይጫወታል። የባንክ መተግበሪያዬ ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው። ያሰጋኛል?
አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አዎ፣ ያሰጋዎታል። ሞድ ማለት አንድ የማናውቀው ሰው ጨዋታውን ከፍቶ፣ ውስጡን ቀይሮ፣ እንደገና የዘጋው ነው። ሳንቲሙን ሲጨምር ሌላ ምን እንደጨመረ ማየት አይችሉም። ዛሬ ማታ ሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ይክፈቱ። እዚያ ፈቃድ የተሰጠው ጨዋታ ካዩ ያጥፉትና የባንክዎን የሚስጥር ቁጥር በሌላ ስልክ ወይም ቅርንጫፍ ሄደው ይቀይሩ። ያ ፈቃድ ያለው መተግበሪያ ስክሪንዎን ማንበብና እንደ እርስዎ መንካት ይችላል፤ ገንዘብ የሚሰርቁትም በዚያ ነው። ልጁን ግን አይቆጡት። ጨዋታ ይወዳል፣ ገንዘብ የለውም፣ ሌላ መንገድ ያሳየው ሰውም አልነበረም። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ካለ ኤፒክ ጌምስ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጨዋታ በነፃ ይሰጣል፤ አሁን በየሳምንቱ ነው። አንዴ የተቀበሉት የራስ ይሆናል። አብራችሁ ምረጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሻርጃ ነው የምኖረው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ ስጨርስ ከቴሌግራም የአማርኛ ልብ ወለድ በፒዲኤፍ አነባለሁ፣ የሚተረክም አዳምጣለሁ። ለጓደኞቼም እልካለሁ። አንዷ «ስርቆት ነው» ብላኝ ከዚያ ወዲህ ከነከነኝ። እዚህ መጽሐፉ የት ይሸጣል?
እህትዎ፣ ከሻርጃ

መልስ፦ እህቴ፣ ማንበብሽን እንዳታቆሚ። በሰው አገር ማታ ማታ አማርኛ የሚያነብ ሰው ለደራሲ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅሽም ደስ አሰኝቶኛል።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለራስ መገልገያ አንድ ቅጂ ማንሳትንና ለሕዝብ ማሰራጨትን ለይቶ ያያቸዋል። ዋነኛው ጥፋት መጽሐፉን ስካን አድርጎ በሺዎች ለሚቆጠር ሰው የሚለቀው ቻናል ነው። አንቺም ለጓደኞችሽ መላኩን አቁሚ።

የእኛ ደራሲ ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ነው የሚያሳትመው። ወረቀት ተወዷል። የመጀመሪያው እትም ተሸጦ ብሩ ሲመለስ ነው ሁለተኛውን የሚያስበው። ፒዲኤፉ ቀድሞ ከዞረ መጽሐፍ ሻጩ ሁለተኛ እትም አይቀበለውም። የሚተርኩትም አንዳንዶቹ ደራሲውን ሳያስፈቅዱ በመጽሐፉ መሀል ማስታወቂያ እያስገቡ ገንዘብ ይሠሩበታል። እዚያ ላይ ለመቆጣት አላመነታም።

ሁሉም ፒዲኤፍ ግን የተሰረቀ አይደለም። መብቱ የሚቆየው ደራሲው በሕይወት እያለና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሥራዎቻቸውን ያለ ሐሳብ አንብቢ፣ ላኪም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ግን አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ነው። የእሳቸው መብት እስከ 2046 ድረስ የወራሾቻቸው ነው።

ለአዳዲሶቹ ተራኪን የመሰሉ የአማርኛ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች አሉ። ብዙ ደራሲዎችም በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ገጻቸው ራሳቸው ይሸጣሉ። የወደድሽውን ደራሲ ስም ፈልጊና በውስጥ መስመር ጻፊለት። «ሻርጃ ነኝ፣ መጽሐፍህን በፒዲኤፍ አግኝቼ አንብቤዋለሁ፣ ዋጋውን በማን በኩል ልላክልህ?» በይው። አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም እህት ካለሽ የሽፋኑን ዋጋ በባንክ ያስገቡለትና መጽሐፉን ይረከቡልሽ። ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ሲኖር ያመጣልሻል። ጓደኞችሽም ያንን እየተቀባበሉ ያንብቡት፤ የገዛሽውን መጽሐፍ ማዋስ ማንም አይከለክልሽም።