ጉዱን አትቁጠሩ፣ ጠያቂውን ቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት መጽሐፍ ማከፋፈል የጀመረ አንድ ልጅ ሱቄ መጣ። "ጋሼ፣ ሁለት የባለሥልጣን መጽሐፍ በአንድ ወር ሊወጣ ነው፣ የቱን በብዛት ልያዝ?" አለኝ። የትኛው የበለጠ ጉድ እንደሚያወጣ ከፌስቡክ ለቃቅሟል። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። አልጋዬ ሥር አቧራ የጠጣው የመጽሐፍ ክምር ምስክሬ ነው።

ልጆች፣ ጉድ ብቻውን አይሸጥም። አሜሪካኖቹን እዩ። የፕሬዚዳንት ትራምፕ ረዳት የነበረችውና ከዋይት ሐውስ የተባረረችው ኦማሮሳ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አወጣች፤ በድብቅ የቀዳችው ድምፅ ሁሉ ነበራት። ታዲያ ድምፁን ቴሌቪዥን ላይ ይዛ ዞረችና ሰው በነፃ ሰምቶ ጨረሰ። በመጀመሪያው ሳምንት የተሸጠላት 34 ሺህ ቅጂ ገደማ ነው። በቀጣዩ ወር ጋዜጠኛው ቦብ ውድዋርድ ስለ ትራምፕ የጻፈው ወጣ፤ በአንድ ሳምንት 1.1 ሚሊዮን! ሰውዬው ከኒክሰን ዘመን ጀምሮ የፕሬዚዳንቶችን ጓዳ ሲፈትሽ የኖረ ነው። ገዢው "እሱ ካለ እውነት ነው" ብሎ ነው ኪሱን የዳበሰው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የትራምፕ የደህንነት አማካሪ የነበረው ጆን ቦልተንና የትራምፕ የወንድም ልጅ ሜሪ በሦስት ሳምንት ልዩነት አወጡ፣ ያውም በአንድ አሳታሚ። ሁለቱንም በፍርድ ቤት ለማስቆም ተሞከረ። (እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም።) ቦልተን በመጀመሪያው ሳምንት 780 ሺህ ሸጠ፣ ትንሽ አይደለም። ሜሪ ግን ቀድመው ያዘዙትን ጨምሮ ገና በመጀመሪያው ቀን 950 ሺህ ደረሰች። ለምን? ቦልተን ምክር ቤቱ ትራምፕን ሲመረምር ሳይመሰክር ቀርቶ ነገሩን ለመጽሐፉ አቆየው፣ የትራምፕ ደጋፊዎችም ከሃዲ አሉት፣ ከሁለት ያጣ ሆነ። የሜሪ የቤተሰብ ገመና ነው፤ ያንን ለመረዳት ፖለቲካ ማወቅ አያስፈልግም። እኔ እንዲህ ነው የማየው።

በኛም ሰፈር አይቼዋለሁ። በኛ አቆጣጠር በ2004 የመንግሥቱ ኃይለማርያም "ትግላችን" ገና ሳይታተም ገጾቹ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። አለቀልን ብዬ ነበር። አንድ ጡረተኛ ደንበኛዬ ግን ልጁ አትሞ የሰጠውን ወረቀት በፌስታል አንጠልጥሎ መጣና "ይሄማ ይበታተናል፣ ዋናውን ስጠኝ" አለኝ። ቀጥሎ የደርግ ባልደረባው የፍቅረሥላሴ ወግደረስ "እኛና አብዮቱ" መጣ፣ ከዚያ የሌላው ባልደረባው የፍስሐ ደስታ "አብዮቱና ትዝታዬ"። ይሻማሉ ብዬ ስጠብቅ ይጠራሩ ጀመር። አንዱን ያነበበ ሰው "ስለዚያች ሌሊት ይሄኛው ምን ይላል?" እያለ ሌላውን ይወስዳል። ደግሞ ገዢው መጽሐፉን ሲያነሳ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ነው የሚያየው። ቀጥሎ ስም ይፈልጋል። "የአጎቴ ስም አለበት?" ያሉኝን ብዛት!

አልጋዬ ሥር ያለው? የአንድ መካከለኛ ሹም መጽሐፍ ነው፣ ስሙ ይቅር። ምርቃቱ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ አየሁና 200 ቅጂ በጥሬ ገንዘብ ገዛሁ። ለካ ያ ሁሉ አጨብጫቢ ዘመድና የድሮ ባልደረባ ኖሯል፣ መጽሐፉን እዚያው ተፈርሞለት በነፃ ወስዷል። ከነዚያ ሰዎች ውጭ ሹሙን የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ልጁን "ከሁለቱም ሃያ ሃያ ያዝ፣ አስር ቀን ሙሉ ደብተርህ ላይ ማን የቱን እንደጠየቀህ ጻፍ" አልኩት። ደብተር የለኝም፣ ስልኬ ላይ እይዘዋለሁ አለኝ። ይሁን።